ግድግዳው ይጥበብ፣ ደጁ ይስፋ

ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ስለ ቤታችሁ የጠየቃችሁኝን በቃል ከምነግራችሁ ጽፌ ብሰጣችሁ ይሻላል አልኩ። ልጆቻችሁም ያንብቡት፤ ግቢው ሰፍቶባቸው ቤተሰቡ ያነሰባቸው እኩዮቻችንም ያንብቡት። አዳማ ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቶባታል። በምድር ባቡር፣ በወንጂ ስኳር፣ በአስተማሪነት፣ በየቢሮው ሲሠሩ ኖረው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ አሜሪካ ሆነው፣ እነሱ አራት መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ነፍስ ቀርተዋል። ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ፣ ማታ መስኮት ሲዘጉ ይመሽላቸዋል። የሚፈስ ጣሪያ አለ፣ የሚታረም ጓሮ አለ፣ የሚቀባ ግድግዳ አለ፤ ጡረታው ግን ያው ጡረታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼ ነው።

ቤት ማሳነስ ውርደት አይደለም፤ መጀመሪያ እዚህ ላይ እንስማማ። የኛ ትውልድ ግን ይፈራዋል፣ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ሲተው፣ ቦታውን በ500 ካሬ ሜትር ሲወስን፣ ቤት አከራይቶ መብላትንም ሲከለክል፣ ስንቱ የናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ቤት አስረክቦ ባዶ እጁን ቀረ። ያን ዘመን ያየ ሰው ክፍል መልቀቅ ይከብደዋል። ጥርሱን ነክሶ ያቆየውን ግቢ «ቀንሱት» ሲሉት ዳግመኛ ሊወርሱት የመጡ ይመስለዋል። የያኔው ግን በአዋጅ የመጣባችሁ ነው፤ የዛሬውን ልኩን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ጊዜው ካላለፈባችሁ ማለቴ ነው።

ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ከመካከላችሁ አንዳችሁ መታጠቢያ ቤት ወድቃችሁ ዳሌያችሁ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋላችሁ በኋላ ሲሆን፣ ቤቱን የሚያሳንሱት ልጆች ናቸው፤ ያውም በስልክ፣ ያውም እየተጨቃጨቁ። አንዱ ይሸጥ ይላል፣ አንዱ ይከራይ ይላል፣ አንዷ እናቴን ልውሰዳት ትላለች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉትም ለወጥ ብቻ አይደለም። እግራችሁ ደረጃ ሳይፈራ፣ ዓይናችሁ ውል ለማንበብ ሳይደክም፣ ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ አድርጉት።

ይህ የምንኖርበት የኦሮሞ ምድር ለዚህ ጥሩ ትምህርት አለው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው 8 ዓመት ይመራል። ስምንቱ ሲሞላ፣ ጉልበቱም ክብሩም ሳይጎድል፣ የሥልጣኑን ምልክት፣ ባሊውን፣ ለተረኛው ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ዩባ ነው፤ ይጠየቃል፣ ይመክራል፣ ሲገባ ይነሡለታል። ዩኔስኮ በ2009 ሥርዓቱን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ብዙ ነገር ተወርቶለታል፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በልኩ ጊዜ መልቀቅን ማዕረግ ማድረጉ ነው። ሥልጣን እንዲህ የሚለቀቅ ከሆነ ሦስት ባዶ መኝታ ቤት ለምን አይለቀቅም?

አሁን ልትሸጡ ተነሥታችኋል፤ ደላላውም ከበራችሁ አይጠፋም። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ወደ ጓሮ ዙሩ። የአዳማ የድሮ ግቢ አብዛኛው ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ አለው፤ ሁለት ሦስት ክፍል፣ ወጥ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ ሠራተኛ የምታድርበቱ። ብልሆቹ እኩዮቻችን ያደረጉት ሰርቪሱን አሳድሰው እዚያው ገብተው ዋናውን ቤት ማከራየት ነው። ካርታው በስማችሁ ይቆያል፣ በሩ ያው በር ነው፣ ጎረቤቱ ያው ጎረቤት ነው፣ በየወሩ ደግሞ ጡረታውን የሚደግፍ ኪራይ ይገባል። ቤቱ ለልጆችም ሳይነካ ይቆያል። እኔ እናንተን ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ መጀመሪያ ይህን እሞክራለሁ።

«ሰው ምን ይለናል? ባለቤቱ ሰርቪስ ገብቶ ተከራዩ ቪላ ተቀመጠ አይልም ወይ?» አልሽ እህቴ። ይላል፤ ይበል። በወሩ መጨረሻ ማን ለማን እንደሚከፍል ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባል የለ።

ነገር ግን ሰርቪሱን እንዳለ አትግቡበት። ያ ክፍል ሲሠራ ለማንም እንዲመች ተብሎ አልተሠራም፤ ይህም አንዱ የአገራችን ኃጢአት ነው፣ ሠራተኛዋ የተቃጠለችበትን ክፍል የምናስተውለው እኛ ልንገባበት ስንል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። አዳማ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ በሚያዝያና በግንቦት ከቀትር በኋላ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ጤነኛ ጎረምሳ አይቀመጥም፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዴት አድርጎ? ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ይበል፣ ኮርኒስ ይግባለት፣ መስኮት በሁለት በኩል ይከፈትለትና ነፋሱ ይለፍ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ያመጣል ብላችሁ አትዝጉት፤ ወንፊት ሽቦ አድርጉለት።

ሽንት ቤቱ ዋናው ነገር ነው። በብዙው ሰርቪስ ሽንት ቤት ውጭ ነው፤ ማታ ሦስት ጊዜ የሚነሣ ሽማግሌ በጨለማ ግቢ ማቋረጥ የለበትም። ወደ ውስጥ አስገቡት፣ መቀመጫ ያለው ይሁን፣ ከጎኑ የሚያዝ ብረት በግድግዳው ላይ ይታሰር። ወለሉን የሚያንሸራትት ሴራሚክ አታልብሱት፤ የምታምር ሴራሚክ ስንት ዳሌ ሰብራለች። የመብራቱ ማብሪያ ከአልጋው እጅ ሳይዘረጋ የሚደረስበት ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ በሙሉ እዚህ ላይ ቢያልቅ አይቆጫችሁ።

ተከራይ ስትመርጡ በዋጋ ብቻ አትሂዱ። አፀደ ሕፃናት ደህና ይከፍላል፤ የልጅ ጩኸት ከወደዳችሁ እሰየው፣ ካልወደዳችሁ ጠዋት በሁለት ሰዓት ትነቃላችሁ። ክሊኒክና ቢሮ ማታ ይዘጋል፣ ግቢውም ለእናንተ ይቀራል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሆነ ማታ «ደህና አመሻችሁ» የሚል አፍ ይኖራል፤ ይህ በብር አይተመንም። መጠጥ ቤት ለሚከፍት ሰው ግን እጥፍ ቢከፍልም እንዳትሰጡ። የመብራቱ ቆጣሪ ይለይ፣ የውሃውም ይለይ፤ በግቢ ውስጥ ጠብ የሚነሣው በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ መኪና ማን የት እንደሚያቆም ሳይቀር ይጻፍ። የኪራይ ገቢ ግብርም አለበት፤ ይህን መደባበቅ በእናንተ ዕድሜ አያምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ትልቅ ቤት የምንፈልገው ለምንድን ነው? ለመኝታ እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው የሚተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። «ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?» ብለን ነው። ለቅሶ ቢደርስ፣ ክርስትና ቢሆን፣ ሠርግ ቢመጣ፣ አረፋ ቢውል ብለን ነው። እስቲ አስቡት። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክለው ማን ነው? አግዳሚውን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህንና ብርጭቆውን ከመጋዘኑ አውጥቶ የሚያመጣው ማን ነው? እድራችሁ ነው። ድንኳኑ ከበር ላይ ይጣላል፣ ሠፈሩ ሁሉ ተራ ገብቶ ይቀመጥበታል፣ በእናንተ ሳሎን የሚቀመጠው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። ሠርጉም ቢሆን ወደ አዳራሽ ከሄደ ቆይቷል። እንግዲህ ትልቁ ሳሎናችሁ ቤታችሁ ውስጥ ሳይሆን እድሩ መጋዘን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠው ድንኳን ነው። በውስጥ ያለው ሳሎን ቡና ይጠጣበታል፤ ለቡና ደግሞ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍል ሞልቶ ይተርፋል።

ለዚህ ነው ቤት አሳንሱ ስላችሁ ከሠፈር አትውጡ የምለው። እድርና ጎረቤት እስካለ ድረስ ሁለት ክፍል አይጠብም። እድር በሌለበት ባለ አምስት ክፍል ቤት ግን ብቻን መቀመጥ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ወጣት ሆነን እንደ ወግ እናወራው ነበር፤ በኛ ዕድሜ ግን ማታ ግፊት ሲነሣ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው ማለት ነው።

ሠፈር ለቆ መሄድ እድር ለቆ መሄድ ነው። የድሮው እድራችሁ «እየከፈላችሁ ቀጥሉ» ይላችኋል፤ ደጎች ናቸው። ግን ከሩቅ የሚደርሱት ለቀብር ነው። ታማችሁ ስትተኙ አጥሚት ይዞ የሚመጣ፣ በርዎ ለምን ዛሬ አልተከፈተም ብሎ የሚያንኳኳ የእድር አባል በእግር የሚመጣው ነው። አዲሱ እድር ደግሞ መግቢያ አለው። የቆየ ገንዘብና ዕቃ ያለው እድር አዲስ ገቢውን ከነባሩ ጋር ለማስተካከል ያለፈውን መዋጮ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ፤ ከገቡም በኋላ ጥቅሙ እስኪጀምር ጥቂት ወራት የሚያስጠብቅ አለ፤ ዕድሜው የገፋ አመልካች ሲመጣ ፊቱን የሚያጨማድድም አይጠፋም። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት የሠፈሩን የእድር ዳኛ ፈልጋችሁ ደንቡን ጠይቁ። ዳኛው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ፣ ስለ ሠፈሩ የፈለጋችሁትን አውቃችኋል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ የሆነውን አስታውሱ። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ በቅርቡም ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ የገቡበት ቤት ከለቀቁት ቤት የተሻለ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። አረጋውያኑን ስትጠይቋቸው ግን ስለ ግድግዳ አይነግሯችሁም። ጎረቤት ተበተነብን ይላሉ፣ እድራችን ፈረሰ ይላሉ፣ ቡና ከማን ጋር ልጠጣ ይላሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። እነሱ ወደው አልሄዱም፤ እናንተ ግን ወዳችሁ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ወደዚያው ብትገቡ ምን ይባላል?

ልጃችሁ «አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግዙና ቅርቤ ሁኑ» ማለቱ ከፍቅር ነው፣ ይባረክ። ግን ቅርብ ማለት ምን እንደሆነ ተነጋገሩ። እሱ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ ይገባል፤ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ሠርግና ለቅሶ አለበት። ፈጣን መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከከተማው መውጫ ከተነሣ አንድ ሰዓት ግድም ይበቃዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ልጃችሁ እናንተ ዘንድ ለመምጣት ያጣው ጊዜ እንጂ መንገድ አይደለም፤ ጊዜውን ደግሞ ቤት በመቀየር አትሰጡትም።

ኮንዶሚኒየምን አልጠላም። ለወጣት ባለትዳር ሲሳይ ነው። ለኛ ግን ደረጃው አለ። በመንግሥት የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ አምስት ወለል ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም፤ ውሃው ሲዳከም መጀመሪያ የሚጠፋው ከላይኛው ነው፤ ያን ጊዜ ጀሪካኑን ማን ያወጣዋል? አራተኛ ፎቅ የገባ ሽማግሌ ጉልበቱ የከዳው ቀን እስረኛ ነው። በ2017 ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማንም አዲስ አበባንም ሲነቀንቅ ሌሊት ደረጃ የወረደ ሰው ይህን ይነግራችኋል። የግድ ከሆነ ምድር ቤቱን ወይም አንደኛውን ፎቅ ፈልጉ፤ ያውም አዳማ ውስጥ የተሠራውን፣ በራሳችሁ ሠፈር አጠገብ ያለውን። የአዲስ አበባ ዕጣ ቤት ከሆነ ደግሞ የ5 ዓመቱን የሽያጭ እገዳ ያለፈ መሆኑን ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። ከአዳማ ሙቀት ወጥታችሁ 2,300 ሜትር ላይ ብርድና ቀጭን አየር ውስጥ ስትገቡ ልብና ሳንባ ምን እንደሚል ሐኪማችሁን ጠይቁት፤ ጉልበታችሁን ሲይዛችሁ እየሄዳችሁ የምትዘፈቁበት የሶደሬ ፍል ውሃም እዚያ የለም።

ሌላው ምክር ደግሞ «የአዳማውን ሸጣችሁ መቂ ወይም ባቱ በግማሽ ዋጋ ግዙ፣ የተረፈውን ብሉ» የሚለው ነው። ዘመድ ካላችሁ፣ የተወለዳችሁበት ከሆነ አልከለክልም። ግን በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን ውሃውን ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ የዚህ ብዙ እጥፍ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። የወንጂ ልጆች ጥርስ እንዴት እንደበለዘ እናንተው ታውቃላችሁ። ለረጅም ዓመት ሲጠጡት ከጥርስ አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ማፍላት ደግሞ አያወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ላይ ይበልጥ ይከማቻል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ይህን ረስታችሁታል። «የራሱ ጉድጓድ አለው» ተብሎ የሚወደስ ቤት ካያችሁ ውሃው ሳይመረመር አትዋዋሉ።

የትም ሆነ የት ቤት ስታዩ በሐምሌና በነሐሴ እዩ። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየአቅጣጫው ወደ መሐል ይወርዳል። በጥር ሲያዩት ያማረ ሜዳ በነሐሴ ወንዝ ይሆናል። ደላላ በነሐሴ ቤት ማሳየት የማይወደው ለምን ይመስላችኋል?

የወረቀቱን ነገር አሳጥሬ አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ስንት የተከበረ ሽማግሌ በወረቀት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደጅ ሲንከራተት ስላየሁ አላልፈውም። ቤታችሁ ነባር ይዞታ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ገዢው ይህን አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጣችሁ፤ ደላላው ግን አይነግራችሁም። ሕግ ደግሞ ይሻሻላልና ከመፈረማችሁ በፊት ከተማው መሬት ቢሮ ሄዳችሁ የዛሬውን ጠይቁ። ቤቱ የጋራችሁ ስለሆነ አንዳችሁ ብቻ ፈርማችሁ መሸጥም ማከራየትም አይቻልም፤ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን የምለው አንተን ነው ወንድሜ፣ ብቻህን ከደላላው ጋር ሻይ ስትጠጣ አይቼሃለሁና።

ከሸጣችሁም ገንዘቡ ባንክ ውስጥ አይተኛ። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደቀለለ በየሱቁ አይታችኋል። ቤት በዋጋው ይቆያል፣ ብር ግን ተቀምጦ ያልቃል። የምትገቡበትን ቤት ሳትይዙ የምትወጡበትን አትልቀቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ለልጅ ስለ መስጠትም ልናገር፣ ልጆቻችሁም ቢያነቡት ይስሙኝ። «በስሜ አድርጉልኝና እኔ እጦራችኋለሁ» የሚል ልጅ ክፉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ልጅ ያገባል፣ ይፋታል፣ ይከስራል፣ ባንክ ቤቱን ይይዝበታል። ያን ጊዜ እናንተ በሰው ቤት ናችሁ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው እንዳይሆንባችሁ፣ የምትሰጡት ከሆነ እንኳ ዕድሜ ልካችሁን በቤቱ የመኖርና የኪራዩን ገንዘብ የመውሰድ መብት፣ ሕጉ አላባ የሚለው፣ በስጦታው ውል ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። እኔ ግን ኑዛዜ ይሻላችኋል እላለሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ ለሁሉም ተነብቦ፣ እናንተም ምስክሮቹም የምትፈርሙበት ነው። ሐሳባችሁ ቢለወጥ ትለውጡታላችሁ፤ ስጦታን ግን እንዲህ በቀላሉ አትመልሱትም። ምስክሮቹ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንሱ ይሁኑ፤ ስንት ኑዛዜ ምስክሮቹ ቀድመው ሞተው ችግር ገጥሞታል።

ዕቃውስ? እህቴ፣ አንቺ የምትጨነቂው በዚህ ነው፣ ልክም ነሽ፤ ሰው ቤቱን ከመተው ይልቅ ቡፌውን መተው ይከብደዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለድግስ ያስቀመጥሻቸውን ትልልቅ ብረት ድስቶችና ሳህኖች ለእድሩ ስጪ፤ መቼም ቢያስፈልጉሽ ከዚያው ተመልሰው ይመጡልሻል፣ እስከዚያው ግን ለሠፈሩ ሁሉ ያገለግላሉ። ስፌት መኪናውን ሙያ ለጀመረች የጎረቤት ልጅ ስጪያት፤ በቁምሽ ስትሰፋበት ታያታለሽ። ዳንቴል የለበሰውን ትልቁን ሶፋ ተዪው፤ ሰርቪስ ቤት ከገባ እናንተ ናችሁ ውጭ የምታድሩት። መሶቡ ግን ይምጣ፣ ረከቦቱ ይምጣ፣ እናትሽ በሠርግሽ ቀን የሰጡሽ የሲንቄ በትርም ይምጣ፤ እሱ ዕቃ አይደለም፣ ክብርሽ ነው። ለእንግዳ አንድ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ፍራሽ ይበቃል። የልጅ ልጆች ሲመጡ መሬት ላይ ተደርድረው መተኛት እንደ በዓል ነው የሚያዩት፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል።

አንተም ወንድሜ፣ የ1970ዎቹ ጋዜጣና የተበላሸ ሬዲዮ ቁርጥራጭ የሞላውን ዕቃ ቤት በሩን ክፈተው። ማንም አይጠይቅህም፣ አንተም አትጠግነውም። ፎቶዎቹን ግን አደራ። የልጅ ልጅህን በስልኳ አንድ በአንድ አንሺልኝ በላት፣ አንተም ከጎኗ ተቀመጥና ማን ማን እንደሆነ ስም ንገራት። ይህን ለማድረግ አንድ የክረምት ዕረፍት ያስፈልጋል፤ የዕቃው ሥራ ሁሉ ከፎቶው ቢጀመር ጠብ ያነሰ ነው ባይ ነኝ።

ልጆቹ ለገና ሲሰበሰቡ ይህን ሁሉ በአንድ ማዕድ ተነጋገሩበት፤ ለማሳወቅ ነው እንጂ ለማስፈቀድ አይደለም። ካርታውን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ የግብር ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል አድርጉና ቅጂውን ለአንዱ ልጅ ስጡት። የጤና መድኅን ደብተራችሁም የሠፈራችሁ ቀበሌ ላይ የተመዘገበ መሆኑን አትርሱ፤ ሠፈር ካልቀየራችሁ እሱም እንዳለ ይቀጥላል።

አናጢው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፤ እኔ ነግሬዋለሁ። ሰርቪሱን ከፍታችሁ ዕቃውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስባችሁ ጠብቁት። የኮርኒሱን ልክ ይውሰድ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ደፍ ያውጣው። ዋጋውን እኔ ሳልደርስ እንዳትዋዋሉት።